ስለ ዘር መዝገብ

አንድ ነገር በመዝገብ የሚጻፈው ተከትቶ እንዲቀመጥ ብቻ ሳይሆን በተፈለገ ጊዜ እንዲገኝ ነው። ይህንንም የጎንደር ሰው ከማንም ይልቅ ያውቀዋል። በቀድሞው ዘመን ርስትና ጉልት ሲሰጥ፤ መሬት ሲሸጥና ሲለወጥ፤ የምስክሮቹ ስም ሳይቀር በየደብሩ ወንጌል ኅዳግና ባዶ ቅጠል ላይ ይጻፍ ነበር። ክርክር በተነሣ ጊዜ መጽሐፉ ከዕቃ ቤት ወጥቶ ይነበባል፤ የተጻፈውም ይጸናል። ነገር ግን የተጻፈበትን ቅጠል ለይቶ የሚያውቀው አንድ ሽማግሌ መሪጌታ ብቻ ከሆነ፤ እርሱም ያረፈ እንደ ሆነ፤ መጽሐፉ ሳይቃጠልና ሳይሰረቅ በውስጡ ያለው ነገር እንደ ጠፋ ይቆጠራል። ዛሬ ልንናገርለት የተነሣነው ጉዳይም ከዚህ ጋራ ይመሳሰላል፤ ይኸውም የአዝርዕት ዝርያ የሚመዘገብበት የመንግሥት መጽሐፍ ነው።

ባገራችን አንድ አዲስ የስንዴ ወይም የገብስ፤ የጤፍ ወይም የድንች ዝርያ ለገበሬ ከመሰጠቱ አስቀድሞ በምርምር ጣቢያና በገበሬ ማሳ ተፈትኖ፤ በባለሙያዎች ተገምግሞ፤ ሲፈቀድም በመዝገብ መግባት አለበት። ይህንን የዘር አዋጅ ቁጥር 782/2005 ደንግጎት ነበር፤ እርሱም በኋላ በአዋጅ ቁጥር 1288/2015 ተተክቷል። መዝገቡን ግብርና ሚኒስቴር በየዓመቱ በእንግሊዝኛ ቋንቋ በመጽሐፍ እያሳተመ ሲያወጣው ኖሯል፤ በ2007 ዓ.ም. የወጣው 18ኛው ዕትም ነበር። በዚያም መጽሐፍ የዝርያው ስም፤ የሚስማማው የመሬት ከፍታና የዝናብ መጠን፤ የሚዘራበት ወራት፤ ለሄክታር የሚበቃው ዘር፤ እስኪደርስ የሚወስደው ቀን፤ የአንድ ሺህ ፍሬ ክብደት፤ የፍሬው ቀለም፤ በሽታን መቋቋሙ፤ በምርምር ማሳና በገበሬ ማሳ የሚሰጠው ምርት፤ የተለቀቀበት ዓመትና ያወጣው የምርምር ማዕከል በየተራ ይጻፋል። ይህን ያህል ዕውቀት ባንድ ገጽ ሰብስቦ ማቅረብ የሚያስመሰግን ሥራ ስለ ሆነ እኛም የጻፉትን ሰዎች ልንነቅፍ አልተነሣንም። የምንናገረው መጽሐፉ ሊጠቅመው የታሰበው ሰው ስለማያገኘው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እያንዳንዱ ዕትም በሰፊው የሚያትተው በዚያው ዓመት የተለቀቁትን ዝርያዎች ነው፤ የቀደሙትን ግን በስምና በዓመት ብቻ ዘርዝሮ ያልፋቸዋል። ስለዚህ ከሃያ ዓመት በፊት ስለ ተለቀቀ ስንዴ ማወቅ የሚፈልግ ሰው የሃያ ዓመቱን መጽሐፍ ማግኘት አለበት ማለት ነው። ከዕትሞቹም አንዳንዶቹ በኢንተርኔት ላይ እንደ ወረቀት ምስል ተለጥፈው ይገኛሉ፤ ሆኖም የገጽ ምስል መለጠፍ መጽሐፉን ከመደርደሪያ አንሥቶ በመስኮት እንደ ማሳየት ነው እንጂ ጥያቄ ቢጠይቁት የሚመልስ መዝገብ እንደ ማድረግ አይደለም።

በደጋው አገር ካሉት የወረዳ ጽሕፈት ቤቶች ባንዱ ያየነውን እንናገር፤ የወረዳውን ስም ግን መጥራት አያስፈልግም፤ በሌላውም ያው ነውና። አንድ ገበሬ ካቻምና የዘራው ስንዴ መልካም ስለ ሰጠው ያንኑ ዘር ለመጠየቅ መጥቶ ነበር። ስሙን ሲጠየቅ በቀበሌው የሚጠራበትን ተናገረ። የልማት ሠራተኛው ደግሞ በማከፋፈያው ደብተር የሚያውቀው በቁጥር ነው። በግድግዳው ላይ የተለጠፈው ወረቀት ሌላ ሦስተኛ ስም ይናገራል። መጽሐፉ የት እንዳለ ቢጠየቅ በቁልፍ በተዘጋ ሣጥን ውስጥ መሆኑ ተነገረ፤ ቁልፉን የያዘው ሰው ለስብሰባ ሄዷል። ገበሬው ግማሽ ቀን ተቀምጦ ውሎ፤ «እንግዲህ ያገኛችሁትን ስጡኝ» ብሎ ሄደ። በ2,800 ሜትር ከፍታ ላይ፤ ውርጭ ባለበት አገር፤ የተገኘውን ዘር መዝራት ማለት የዓመት ቀለብን በዕጣ መስጠት እንደ ሆነ ለደጋ ሰው መንገር አያሻም።

የስም ነገር በጣም የሚያስቸግር ነው። ቁብሳ የሚባለው የዳቦ ስንዴ ኤችኤአር 1685 ይባላል። ዲገሉ የሚባለውም ኤችኤአር 3116 ይባላል። በጤፍ በኩል በ1998 ዓ.ም. የተለቀቀውና በብዙ አገር የተዘራው ቁንጮ በተመራማሪዎቹ ዘንድ ዲዜድ ሲአር 387 ነው። ይህም የመንግሥቱን ስም ብቻ ስንቆጥር ነው እንጂ ገበሬው በየቀበሌው የሚያወጣው ስም ሲጨመር አንድ ዘር አራትና አምስት ስም ይኖረዋል፤ አንድ ስምም ለሁለት ለሦስት ዘር ይሆናል።

ለዚህ መፍትሔ ባሕር ማዶ መሻገር አያስፈልገንም፤ ካህናቱ በየዕለቱ በሚይዙት መጽሐፍ ውስጥ ይገኛል። በአራቱ ወንጌል መጀመሪያ የቂሣርያው አውሳብዮስ የሠራው ዐሥር የቀመር ሰንጠረዥ አለ። አንዱ ታሪክ በማቴዎስ በአንድ ቁጥር፤ በማርቆስ በሌላ ቁጥር፤ በሉቃስና በዮሐንስም በየራሱ ቁጥር ስለሚገኝ፤ አውሳብዮስ ቁጥሮቹን ጎን ለጎን አስተካክሎ ጻፋቸው። አንባቢውም አንዱን ካወቀ ሦስቱን ያገኛል። በአባ ገሪማ ገዳም ያሉት ጥንታውያን ወንጌሎች ይህንኑ ቀመር በአዕማድና በአዕዋፍ ሥዕል አስጊጠው ይዘውታል። የዛሬ ሊቃውንት በኮምፒዩተር የሚሠሩት የመረጃ ቋትም በመሠረቱ ከዚህ የራቀ አይደለም። የምርምሩ ቁጥር፤ የተለቀቀበት ስም፤ የቀበሌው ስምና የላቲኑ አጻጻፍ ባንድ መስመር ጎን ለጎን ይቆማሉ፤ ባንዱ የጠየቀ ሁሉንም ያገኛል። (ቋት የሚለውን ቃል የመረጠው ሰው ማን እንደ ሆነ ባናውቅም እናመሰግነዋለን፤ በወፍጮ ቤት ዱቄት የሚጠራቀምበት ዕቃ ስም ለዘር መዝገብ ሲሆን እጅግ ያማረ ነው።)

ሆኖም እዚህ ላይ የኛ ፊደል የሚያመጣው አንድ ችግር ስላለ ሥራውን የሚይዙት ሰዎች አስቀድመው ሊያስቡበት ይገባል። ኮምፒዩተር እንደ ሰው አይደለም፤ ሠርገኛ ብሎ የጻፈውን መዝገብ ሰርገኛ ብሎ ለሚጠይቀው ሰው «የለም» ይለዋል። ሀና ሐ እና ኀ፤ ሰና ሠ፤ አና ዐ፤ ጸና ፀ በድምፅ አንድ ሆነው በመልክ የተለያዩ ስለ ሆኑ፤ መዝገቡ ሞልቶ ሳለ ጠያቂው ባዶ እጁን ይመለሳል። ፊደላቱን ከመጽሐፍ እናውጣቸው የሚል ሐሳብ ከኛ ዘንድ የለም፤ እንዲህ ያለው ክርክር ስንት ዘመን እንዳደከመን ካህናቱ ያውቃሉ። የሚያስፈልገው አጻጻፉ እንደ ሥርዓቱ ተጠብቆ፤ ፍለጋው ብቻ ተመሳሳዮቹን ፊደሎች እንደ አንድ እንዲቆጥር ማድረግ ነው። ይህም ለሠሪዎቹ የጥቂት ቀን ሥራ ነው፤ ካልታሰበበት ግን የመዝገቡን ግማሽ ጥቅም ያጠፋዋል። በላቲን ፊደልም ችግሩ ያው ነው፤ ዲገሉ አንዳንዴ ዲጋሉ ተብሎ ይጻፋል፤ ቁንጮም በሁለት ዓይነት ሆሄ ይገኛል።

ከስሙ ይልቅ የሚያስፈራው ግን የታተመ መጽሐፍ ራሱን ለማረም የማይችል መሆኑ ነው። በ2003 ዓ.ም. መግቢያ ቢጫ ዋግ በአገሪቱ ብዙ ክፍል ተነሥቶ ቁብሳንና ገላማን በብርቱ በጎዳቸው ጊዜ፤ ዲገሉ ስለ ተቋቋመው በገበሬዎች ዘንድ ተወደደ፤ በሰፊውም ተዘራ። በመዝገብ የተጻፈለትም ምስክርነት በተለቀቀበት በ1997 ዓ.ም. እውነት ነበር። ነገር ግን በ2006 ዓ.ም. አዲስ የግንድ ዋግ ነገድ በባሌና በአርሲ ተነሥቶ በብዙ ሺህ ሄክታር ላይ የነበረውን ዲገሉ አጠፋው። ሊቃውንቱ ያን ነገድ በዚያው ስንዴ ስም እስኪጠሩት ድረስ ነገሩ የታወቀ ሆነ። ከዚህ በኋላ በ1997 ዓ.ም. የታተመውን ገጽ የሚያነብ ሰው የሚያነበው ቃል ተጽፎ በነበረበት ጊዜ እውነት፤ በሚነበብበት ጊዜ ግን ሐሰት ሆኗል። መጽሐፉን ማንም አልዋሸበትም፤ ፈንገሱ ተለወጠ፤ ወረቀቱ ግን አልተለወጠም።

ባሌና አርሲ ከጎንደር ሩቅ ነው የሚል ቢኖር፤ የዋግ ዱቄት በነፋስ የሚጓዝ ስለ ሆነ ለወረዳና ለዞን ወሰን ግድ እንደሌለው ያስብ። የወገራና የዳባት፤ የደባርቅም ስንዴ አምራች ያንኑ ዓይነት ዘር ይዘራል። እንግዲህ መዝገቡ በመረጃ ቋት ቢሆን በዲገሉ ስም ሥር አንድ መስመር በተጨመረ፤ የተጨመረበት ቀንና የጨመረው ባለሥልጣን ስም በተጻፈ፤ የልማት ሠራተኛውም በዚያው ሳምንት ባነበበው ነበር። የቀድሞው ቃል ግን መፋቅ የለበትም። አባቶቻችን በወንጌሉ ኅዳግ አዲሱን ውል ሲጽፉ አሮጌውን አልፋቁትም፤ የኋላው ሰው ሁለቱንም አይቶ እንዲፈርድ ትተውታል። ይህ ልማድ በአዲሱ መዝገብ ሕግ ሆኖ መግባት አለበት እንላለን።

የሚያርመውም ማን እንደ ሆነ ተለይቶ መታወቅ አለበት። ማንም ከመንገድ ገብቶ የሚጽፍበት መዝገብ መዝገብ አይደለም። ዝርያ የመመዝገብ ሥልጣን በሕግ የተሰጠው መሥሪያ ቤት ብቻ ይጽፍ፤ የጎንደር ግብርና ምርምር ማዕከልና ሌሎቹም ማዕከሎች በማሳ ያዩትን እየላኩ ያስጽፉ፤ ሕዝብ ሁሉ ያንብብ።

እስካሁን የተናገርነው ስለ ገበሬው ነው። አሁን ደግሞ ከአገር ውጭ ስላለው ነገር ጥቂት እንበል። በ1919 ዓ.ም. ኒኮላይ ቫቪሎቭ የሚባለው የሩሲያ የዕፅዋት ሊቅ ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ፤ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በጎንደር በኩል ወደ አስመራ ሲሻገር በሺህ የሚቆጠር የእህል ናሙና ሰበሰበ። ናሙናው እያንዳንዱ ቁጥር ተሰጥቶት ሌኒንግራድ ተቀመጠ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከተማይቱ በተከበበች ጊዜ ጠባቂዎቹ እህሉን ሳይበሉ ከፊሎቹ በራብ ሞቱ። ከኢትዮጵያ ያገር ገብስ የተገኘ አንድ ጂን፤ ቅጠልን እንደ ዱቄት የሚሸፍነውን ሻጋታ የሚከላከል ስለ ሆነ፤ ዛሬ በአውሮፓ በሚዘሩ ብዙ የገብስ ዝርያዎች ውስጥ ይገኛል፤ ከነዚያም የቢራ ገብሶች አሉ። የብቅል ፋብሪካና የቢራ ፋብሪካ ላለው ለጎንደር ይህ የሚያስገርም ነገር ነው። የኛን ገብስ ታሪክ በውጭ አገር መዝገብ ፈልጎ ማግኘት በኛው መዝገብ ፈልጎ ከማግኘት የቀለለበት ጊዜ ብዙ ነው።

ይህም የክብር ነገር ብቻ አይደለም፤ የመብትም ነገር ነው። በ1997 ዓ.ም. ከአንድ የኔዘርላንድ ኩባንያ ጋራ ስለ ጤፍ ውል ተደረገ። ኩባንያው ግን በጤፍ ዱቄት አሠራር ላይ የባለቤትነት መብት በአውሮፓ ጠይቆ ነበርና በ1999 ዓ.ም. ተሰጠው። ኩባንያው ከሰረ፤ መብቱ ወደ ሌላ እጅ ተላለፈ፤ በኅዳር 2011 ዓ.ም. የሄግ ፍርድ ቤት በነገሩ ውስጥ አዲስ ፈጠራ የለበትም ብሎ መብቱን በኔዘርላንድ እስኪያፈርሰው ድረስ ዐሥራ ሁለት ዓመት ሊሞላው ተቃርቦ ነበር። የመብት መርማሪ ቢሮውን ዘግቶ ወደ ጎንደርና ወደ ጎጃም ሄዶ እናቶች ጤፍን እንዴት እንደሚያዘጋጁ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው በፊቱ ያለውን የመረጃ ቋት ነው። በዚያ ያላገኘውን ነገር እንደሌለ ይቆጥረዋል። ህንድ ይህን በእርድ ተምራለች። እርድ ቁስል ያድናል ተብሎ በ1995 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የተሰጠውን መብት ጥንታዊ ጽሑፍ አቅርባ በ1997 እ.ኤ.አ. ካስፈረሰች በኋላ፤ የአባቶቿን የመድኃኒት መጽሐፍ መርማሪዎቹ ሊፈልጉበት በሚችሉበት ቋንቋና ሥርዓት በመረጃ ቋት ማስገባት ጀመረች።

በዚህ ላይ ከባለሥልጣኖቻችን አንዳንዶቹ የሚያነሡት ተቃውሞ አለ፤ ቀላልም አይደለም። መዝገቡን ለዓለም ከፍተን ብናሳይ ሌባውን መንገድ መምራት አይሆንብንምን? ይላሉ። እኛ እንደሚመስለን ሁለቱን ነገር መለየት ያሻል። ዘሩን ማውጣትና መጠቀም በአዋጅ ቁጥር 482/1998 የተጠበቀ ነው፤ ያለ ፈቃድ የሚወስድ ሰው በሕግ ይጠየቃል፤ በ1968 ዓ.ም. በተቋቋመው የዘር ባንክ ውስጥ ያለውም በቁልፍ ይቀመጣል። የዝርያው ስምና ጠባይ፤ የት አገር እንደሚበቅልና ከመቼ ጀምሮ እንደሚታወቅ መናገር ግን ምስክር ማቆም ነው። ምስክሩን ደብቆ የሚሟገት ባለርስት ርስቱን እንደሚያጣ ጎንደሬ ያውቃል። በእርግጥ ከዘር ጋራ የተያያዘ፤ ማኅበረሰቡ ሊገልጠው የማይፈቅደው ዕውቀት በሚኖርበት ስፍራ መዝገቡ ዝም ማለትን መቻል አለበት።

ሁለተኛው ተቃውሞ ደግሞ ኢንተርኔት የሚታመን አይደለም የሚል ነው። ይህን ለመካድ አንችልም። በ2015 ዓ.ም. ማለቂያ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት ቆይቷል፤ በዚያ ጊዜ በኢንተርኔት ብቻ የነበረ መዝገብ ሁሉ ለደባርቅ ሰው እንዳልነበረ ነበር። ሌላም ምሳሌ አለ። በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር ከመቅደላ ከወሰዳቸው የብራና መጻሕፍት፤ ዐፄ ቴዎድሮስ ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት የሰበሰቧቸው ይገኙባቸዋል። በለንደን ከተቀመጡት ብዙዎቹ በኢንተርኔት እንዲነበቡ ተደርገው ነበር፤ የኛም ሊቃውንት በዚሁ ሲጽናኑ፤ በጥቅምት 2016 ዓ.ም. የእንግሊዝ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት የኮምፒዩተር ጥቃት ስለ ደረሰበት ለብዙ ወራት ሳይታዩ ቀሩ። ብራናው ግን በቦታው ነበር። ስለዚህ መዝገቡ ወደ ኢንተርኔት ሲሄድ ወረቀቱ ይቅር የሚል ሰው ቢነሣ ከሁሉ አስቀድመን የምንቃወመው እኛ ነን። የመዝገቡ ቅጂ በአዲስ አበባ ብቻ ሳይሆን በጎንደርና በደባርቅ ዩኒቨርሲቲዎች ኮምፒዩተር ላይ ይቀመጥ፤ መስመር ቢቋረጥም በከተማው ውስጥ ይነበባል። የወረዳው ሠራተኛም ቅጂውን በእጅ ስልኩ ጭኖ ያለ ኢንተርኔት ሊፈልግበት ይችላል፤ መዝገቡ ጽሑፍ ብቻ ስለ ሆነ ስልኩን አይከብደውም።

የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ይህ ሥራ እንግዳ እንደማይሆንባቸው እናምናለን። በ1960ዎቹ ዓመታት አጋማሽ ተጀምሮ በሺህ የሚቆጠር የገዳማትና የአድባራት መጽሐፍ በፊልም ተነሥቶ በአሜሪካ በሚኒሶታ ተቀምጦ ነበር፤ ዛሬ ከዚያ ብዙው በኢንተርኔት ተፈልጎ ይነበባል። የቅኔ መምህር በጎንደር ተቀምጦ፤ በሌላ አውራጃ ገዳም ያለውን ድርሳን ቅጠል በቅጠል ሊያገላብጥ ይችላል። ለድርሳኑ የተደረገው ለስንዴው የማይደረግበት ምክንያት አይታየንም።

በመዝገቡ አንድ ዓምድ ግን ገና ባዶ ነው፤ እርሱም የገበሬው ስም ያለበት ዓምድ ነው። መጽሐፉ የሚያውቀው ከምርምር ማዕከል የወጣውን ስም ነው። በስሜን ደጋ ግን ገብስ እንደየመንደሩ ይለያያል፤ ለቆሎ የሚሆነው፤ ለጠላ የሚሆነው፤ ውርጭ የሚችለው፤ ቶሎ የሚደርሰው ሁሉም በየስሙ ይጠራል። በ2008 ዓ.ም. የጊጭ መንደር ሰዎች ከብሔራዊ ፓርኩ ወጥተው ወደ ደባርቅ ሲዛወሩ ቤታቸውና ከብታቸው ተቆጥሮ ነበር። በዚያ ከፍታ ላይ ይዘሩት የነበረው ገብስ ግን አብሮ እንዲቆጠር ይገባው ነበር፤ ከ3,500 ሜትር በላይ ፍሬ የሚሰጥ እህል በዓለም ላይ ጥቂት ነውና። እንዲህ ያለውን ዘር የሚያውቁት ሽማግሌዎች በየዓመቱ እያለፉ ናቸው።

ስለዚህ ሥራው በመላው አገር እስኪስፋፋ ሳይጠበቅ በደባርቅና በዳባት፤ በጃናሞራና በወገራ እንዲጀመር እናሳስባለን። በየዓመቱ በሚያዝያ ወር ለየቀበሌው ከፍታ የሚስማሙት ዝርያዎች ከቋቱ ተለይተው፤ በአማርኛ ባንድ ወረቀት ይታተሙ። ዘሩ በሽታን ስለ መቋቋሙም የዚያው ዓመት ቃል ይጻፍበት፤ የአምናው አይገልበጥበት። ወረቀቱ በቀበሌው ጽሕፈት ቤት ይለጠፍ፤ እሑድም ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ሳይበተን ካህኑ ወይም የልማት ሠራተኛው ያንብበው። በወረቀቱ ግርጌ ለገበሬው ስም የሚሆን ባዶ ስፍራ ይተውለት። ጸሐፊውም ገበሬው ዘሩን ምን ብሎ እንደሚጠራው በእጁ ሞልቶ፤ በግንቦት መጨረሻ ወደ ጎንደር ይመልሰው።